ተሻገር ዘሲልቨር ስፕሪንግ የአረር አፍንጫ የመረጠበት ዜና

በ፳፻፭ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ግሪን ካርድ በእጁ በገባ በስድስተኛው፣ ቶዮታ ካምሪ በነገሠለት በሦስተኛው ዓመት፣ ሊቀ ፓርኪንግ ተሻገር ዘሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሺህ መኪና በጠባብ ምድር ቤት የሚያሰልፍ፣ አንዱንም ያልጫረ (ሁለቱን ካልቆጠርን)፣ ስሂንን ለማግባት ሽቶ ወደ አሌክሳንድሪያ ሽማግሌ ላከ። እኔ ጸሐፌ ትእዛዙ፣ ቤዝመንቱን ከርሱ ጋር የምጋራ፣ ይህን የምጽፈው በዓይኔ አይቼ ነው።

ሽማግሌዎቹም ሊቀ ጎማ ፋኑኤል ዘበልትስቪል፣ ባለ ጋራዡ፣ እና መጋቤ ዩቲዩብ ሀዲስ፣ ያላየው ቪዲዮ የሌለ፣ ነበሩ። የስሂን አባት አቶ አበጀ ግን በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩና፣ ተሻገርም ባለፈው ሠርግ ላይ በሁለት ቢራ ተደፋፍሮ፣ በሕይወቱ አፍስሶ የማያውቀውን፣ «የጠመንጃዬን አረር እኔው አቅልጬ ነው የማፈሰው» ብሎ ፎክሮባቸው ነበርና፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «የዛሬ ወር ቅዳሜ፣ ያፈሰሰውን ይዞ ሬንጅ፣ የተኩስ መለማመጃው ሜዳ ላይ ይተኩስልኝ። አፉና እጁ ከተገናኙ ልጄን አልከለክልም።»

ወእምዝ ታላቅ ጉባኤ ሆነ። ጠመንጃው ከአንድ ጡረተኛ ፈረንጅ የተገዛ፣ አፈሙዙ ጠባብም ሰፊም ያልሆነ መካከለኛ ነበርና፣ ለርሱ የሚሆን የአረር ማፍሰሻ ሞልድ መመረጥ ነበረበት፤ ሞልዱም በሚያወጣው የአረር አፍንጫ፣ ማለትም በጫፉ ቅርጽ፣ ይለያያል። መጋቤ ዩቲዩብ፦ «ጋይስ፣ ሪቪውውን ሁሉ ቼክ አድርጌያለሁ፤ ሹል አፍንጫ ነው ቤስት!» ብሎ አወጀ። ሊቀ ጎማም የራሱን አፍንጫ እየዳሰሰ፦ «ጉልበት ያለው ደፍጣጣ ነው!» ብሎ አወጀ። በዚህም ተኳርፈው ሦስት ሳምንት ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ በመጨረሻ ግን የሽማግሌ ልማዱ ማስታረቅ ነውና፣ ሹልም ደፍጣጣም ያልሆነ፣ ማንም ያልፈለገው፣ ማንንም የማያስቀይም ክብ አፍንጫ ታዘዘ።

ከጋራዡም የተለቀመው የጎማ ባላንስ ማድረጊያ እርሳስ በጓሮ ቀለጠ፤ ጀግናውም እያፈሰሰ ሳለ አንድ ጫማ አቃጠለ። ጫማው የእኔ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ሠራዊቱም ሁሉ በአንዲት ካምሪ ተጨናንቆ ወደ ሬንጁ ወረደ። ተሻገር ተኮሰ፤ አረሩ የዒላማውን ወረቀት በአፍንጫው በመብሳት ፈንታ በጎኑ ተጋድሞ ገባ። ደገመ፤ ሠለሰ፤ አሁንም በጎኑ። መጋቤ ዩቲዩብ ነፋሱን፣ ሊቀ ጎማ ወረቀቱን ወቀሱ። አቶ አበጀም ኮፍያቸውን አጥልቀው ወደ መኪናቸው ዞሩ። የተሻገር ፊት አመድ መሰለ፤ እኔም ጫማዬን ረስቼ ከልቤ አዘንኩለት።

ያን ጊዜ አባቷን በመኪና ያመጣችው ስሂን፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይታ፣ ከተረፉት አረሮች አንዱን በአፈሙዙ አፍ ላይ ከታ ወዘወዘችው፤ ላላ፤ ለካ በጎኑ የሚገባው ለአፈሙዙ ቀጥኖ ነው። እንዲህም ብላ አወጀች፦ «ወር ሙሉ ስለ አፍንጫ ስትጨቃጨቁ፣ ውፍረቱን ሜዠር ያደረገ አለ? ጠመንጃውን የጠየቀው የለም! ሽማግሌ ስትልኩም አባዬን ነው የጠየቃችሁት፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

አቶ አበጀም የመኪናውን በር እንደያዙ ቆሙ። ተሻገርም የጆሮ መሸፈኛውን አውልቆ፣ በዚህ ዜና ከተነገሩት አዋጆች ሁሉ አጭሩን አወጀ፦ «ስሂን፣ አንቺስ?»

እርሷም መለሰች፦ «ነገ ኮል አድርገኝ። አባዬን አይደለም፤ እኔን።»

እንግዲህ ምስጋና ለሊቀ ፓርኪንግ ተሻገር፣ ለወረቀት መቅሠፍት፣ ለጫማዬ ጠላት፣ ተኩሶ ተኩሶ ለሳተ፣ ጠይቆ ግን ላገኘ፤ ዝናው ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ትራፊኩ እስከፈቀደለት ድረስ ይድረስ። በማግስቱም ከቅዳሴ መልስ ለመደወል ሲነሣ ያ ኃያል ቁጥሩንም ሦስት ጊዜ ስለሳተ፣ የነካሁለት እኔ ነኝ።