የነሐሱ በሬ አራተኛ እግር

እኛ ጎጃሞች አንድ አመል አለብን፤ ነገር እንዲሁ በቀላሉ አይገባንም። «ደኅና አደርህ?» ያለንን ሰው እንኳ ምን ሊል ፈልጎ ነው እያልን እስከ ማታ እናመነዥካለን። ታዲያ ረቂቅ የነሐስ ቅርጽ ብናገኝ እንምረዋለን?

ጎረቤቴ ቀራጺ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ግቢው ውስጥ፣ ከነሐስ በሬ ሠራ። ዓይን የለው፣ ቀንድ የለው፤ ሻኛና እግር ብቻ። ነሐሱ የፈሰሰበትን ጭቃ ሰብሮ ሲያየው ታዲያ አንዱ እግር የለም። የቀለጠው ነሐስ እዚያ ሳይደርስ ቀዝቅዞበታል። መልሶ ሊያቀልጠው አጥሩ ሥር አስደግፎት ሳለ፣ ከደብረ ወርቅ ለዘመድ ጥየቃ የመጡ የቅኔ መምህር አዩት። ዞሩት፤ ደግመው ዞሩት።

«የጎደለው እግር እኛ ነን!» አሉ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ «ፍትሕ ነው» አለ፤ ሌላው «ፍቅር ነው»። እኔም እንዳልቀር «ጊዜ ነው» አልኩ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

«ኧረ የኔታ፣ ነሐሱ ሳይደርስ ቀርቶ ነው!» አለ ቀራጺው።

«ዝም በል!» አሉት። «አንተ ሠራኸው እንጂ መቼ ገባህ?»

ምስኪን፣ ሙያው መጠርጠሩ አንገብግቦት ሌላ በሬ ሠራ። የዚህኛው አራቱም እግር ሙሉ ነው። በኩራት ጠራን። ዞርነው፤ ደግመን ዞርነው። የኔታ ጎንበስ ብለው እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሱና በሐዘን ቀና አሉ።

«ምነው ልጄ? ይኼማ በሬ ነው።»