ብቻውን የሚሠራው ዋኘው

"ብቻዬን ነው የሠራሁት" የሚል ሰው ያለበት ሰፈር ዕረፍት የለውም። "ብቻዬን ቤት ሠራሁ" የሚለውን ሰው እዩት፤ ድንጋዩን ያመላለሱት የሚስቱ ወንድሞች ናቸው። "ብቻዬን ልጅ አሳደግሁ" የሚለውን አባት ደግሞ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠይቁት። የዚህ ሁሉ ወገን አለቃ ግን ጎንደር አዘዞ የሚኖረው ክቡር ሊቀ ራፐርያን ዋኘው ነው። ካላመናችሁ ሚስቱን ባንቺአየሁን ጠይቋት።

ዋኘው ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮፍያው ግን ዛሬም በጎን ነው። ሂፕ ሆፕ ጎንደር የገባው በእኔ በር ነው ይላል፤ የሚከራከረውም የለም። ከጓደኛው ከወንዴ ጋር ሁለት ሆነው ሠርጉን፣ ምርቃቱን፣ የትምህርት ቤቱን በዓል ሲያደምቁ ኖሩ። አንዱ አንድ ስንኝ ይላል፣ ሌላው ቀጣዩን ይመልሳል፤ ወንዴ ሁልጊዜ በግራ፣ ዋኘው በቀኝ። ቢቱን፣ ከግጥሙ ሥር የሚመታውን ሙዚቃ፣ የሚያቀናብረውም ዋኘው ራሱ ነው፣ ስቱዲዮ ባደረገው ጓዳ። ታዲያ አንድ ቀን ፖስተሩ ላይ የማን ስም ይቅደም ተባብለው ተጣሉና ወንዴ ጎረቤት ከተማ ጠዳ ወርዶ ብሎኬት ማምረት ጀመረ። ዋኘው ኮፍያውን አስተካክሎ አወጀ፦ "ከዛሬ ጀምሮ ሶሎ ነኝ። ብቻዬን!"

ባንቺአየሁ በማግስቱ አልጋ ልታነጥፍ ብትገባ ጋቢዋ የለም። እናቷ ፈትላ ያሸመነችላት የሠርጓ ጋቢ! ጓዳ ገብታ ብታይ ግድግዳው ላይ በምስማር ተቸንክሯል።

"በስመ አብ! ምን ነካህ አንተ ሰው?"

"ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው። ሶሎ አልበም እኮ ጸጥታ ይፈልጋል።"

ጸጥታው በጓዳ ብቻ ቢቀር ምን ነበረበት። ጎረቤቷ እናኑ በርበሬ ልትወቅጥ ሙቀጫዋን ስታወጣ በአጥሩ ላይ ኮፍያ ብቅ አለ። "እትዬ እናኑ፣ ሪከርድ ላይ ነኝ።" እናኑ ዘነዘናዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። "ምነው ልጄ፣ ወጡን በምን ልሥራው?" የባጃጅ ሾፌሮች ጡሩንባ እንዳይነፉ ተለመኑ። የእናኑ አውራ ዶሮ ቅርጫት ተደፍቶበት ዋለ። አልበሙ ሲያልቅ ዋኘው በየቤቱ እየዞረ አስደመጠ። "ብቻዬን ነው የሠራሁት!"

"ዶሮዬስ?" አለች እናኑ።

ባንቺአየሁ ግን ሌላ ሰው የማያውቀውን ነገር ታውቅ ነበር። በግድግዳው በኩል ስትሰማው ዋኘው አንድ ስንኝ ይልና ዝም ይላል። ቢቱ ብቻውን ይሄዳል። ደግሞ አንድ ስንኝ፣ ደግሞ ዝም። በሩን ገፋ አድርጋ ብታይ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ቆሟል፤ ከልማድ ብዛት ወንዴን እየጠበቀ ነው! ዝምታውን በኋላ በኮምፒውተር ቆርጦ ስለሚጥለው የሚሰማ ሰው አያውቅም፤ ወንዴን እንደሚጠብቅ ለራሱም የታወቀው አይመስልም። ቤት ውስጥም ያው ነው። "እንግዲህ እኔ ገበያ ወጣ ብዬ…" ይልና ወደ ግራ ዞሮ ይጠብቃል። "ሽንኩርት ታመጣለህ" ትለዋለች። "አዎ!" ብሎ ይወጣል።

አልበሙን በአዳራሽ ለሕዝብ ሊያቀርብ ሲነሳ "ኮንሰርቱ ይቅርብህ" አለችው። "መድረክ ላይ ኮምፒውተር አያድንህም፤ ዝም ትላለህ።"

"እኔ ዋኘው ዝም?" ሳቀባት። ይባስ ብሎ አባቷን ጋበዘ።

ይኼኔ ባንቺአየሁ ደረቷን መታች። አባቷ መሪጌታ ልዑልቃል ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ዋኘውን ካገባች ጀምሮ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ በየጥምቀቱ ሊጠይቋት ሲመጡ ገና ከመቀመጣቸው "ለመሆኑ ይኸ ሰው ሥራው ምንድነው?" ይሏታል። እሷም አንድ ቀን እንኳ የረባ መልስ ሰጥታቸው አታውቅም። አሁን እሳቸው እያዩ ባሏ ሕዝብ ፊት አፉን ዘግቶ ሊቆም ነው። ከእንግዲህ ምን ብላ ትመልስላቸዋለች? ትወደዋለች፤ ችግሩ ይኸው ነው። ባትወደውማ ኖሮ ቤቷ ቁጭ ብላ ሽንኩርቷን ትልጥ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። "የግጥም ጉባኤ ነው" ተብለው የተጠሩት መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከልጃቸው ጎን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቢቱ ሲጮኽ ደንግጠው አማተቡ። ዋኘው በጭብጨባ ወጣና ጀመረ፦

"ብቻዬን ነው የመጣሁ ማንንም አልጠራም!"

አንገቱን ወደ ግራ አዞረ። ዝም።

ቢቱ ሄደ፤ ዋኘው ቀረ። "ማንንም አልጠራም!" አለ እንደገና፣ ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ ዝም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ዋኘው በግራው ያለውን ባዶ ቦታ አየው፤ ነገሩ ገና አሁን ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ባንቺአየሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አባቷ ወደ እሷ ዞረው አፋቸውን ሲከፍቱ አየች። ያቺው ጥያቄ ናት!

"ተቀበል!" የሚል ድምፅ አዳራሹን ሰነጠቀው።

ሰው ሁሉ ክው አለ። ተቀበል ማለት አዝማሪ ቤት ገብቶ ለአዝማሪው ግጥም የሚሰጥ ሰው የሚናገረው ነው፤ የተባለውም ሰው የተሰጠውን ግጥም፣ ስድብም ቢሆን፣ መልሶ ሳይዘፍነው አያልፍም። ግን የመሪጌታ ልጅ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ አባቷ አጠገብ ቆማ? ከሁሉ ይበልጥ የደነገጠችው ራሷ ባንቺአየሁ ናት። ማን ነው የጮኸው ብላ ዞር ዞር አለች። አፏ ግን አልጠበቃትም፦

"ጋቢዬን ከአልጋ ገፎ ግድግዳ ያለበሰ፣
ብቻዬን ነው ይላል ሰፈር እያመሰ!"

ዋኘው ዓይኑ ፈጠጠ። ሶሎ ነው፤ ግን የጎንደር ልጅ ነው፣ ተቀበል ተብሎ እንዴት ዝም ይላል? ማይኩን አነሳና የሚስቱን ስድብ በቢቱ ላይ አሳምሮ አወረደው። አዳራሹ በእልልታ ፈረሰ። "ተቀበል!" አለች እናኑ ከወዲያ፣ ስለ ዶሮዋ። "ተቀበል!" አሉ የባጃጅ ሾፌሮቹ። እነሱ እየሰጡ እሱ እየተቀበለ፣ ዝም የሚልበት ቀዳዳ ጠፋ።

ባንቺአየሁ ወደ አባቷ ለማየት ፈራች። እንደምንም ቀና ስትል የመቋሚያው ጫፍ ወለሉን ይመታል፤ ያውም ከቢቱ ጋር! እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

"አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለቻቸው ሲወጡ።

"ሁለተኛው ስንኝ ሸጋ ነበር" አሉ መሪጌታ። "የመጀመሪያው ላይ ቸኩለሻል።" ትንሽ ተራመዱና ቆሙ። "ይኸ ሰው ሥራ አለው ለካ! ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?"

ሰኞ ጠዋት አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደወለ። ዋኘው በስልክ እንደማይታይ ረስቶ ኮፍያውን አስተካከለና ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ከፈተው።

"ያን የመሰለ ዝግጅት እንዴት አሰብኸው?"

"ብቻዬን ነው የሠራሁት" አሉ ክቡርነታቸው።

ባንቺአየሁ የምታጥበውን ሰሃን አስቀምጣ አየችው።

"የሶሎ ሕይወት ታዲያ እንዴት ነው?"

"ሸጋ ነው። ነገር ግን…" አለና አንገቱን ወደ ግራ አዞረ።

በግራው የቆመችው እሷ ነበረች። ስታስበው ከተጋቡ ጀምሮ የምትቆመው በዚሁ በኩል ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ እስኪል ጠበቀችው።

"…ይበርዳል" አለች ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ። "ዛሬ ጋቢያችንን ሊመልስ ነው።"