ትንሿን መስኮት የነቀሉ ሰው

በየሰፈሩ አንድ አሻሻይ አለ። የተበላሸ ነገር የሚጠግነውን ማለት አይደለም፤ እሱማ ባለሙያ ነው፣ ሲጠሩት ይመጣል፣ ሠርቶ ይሄዳል። አሻሻይ የሚነሳው ደህና በሚሠራ ነገር ላይ ነው። ደህና የሚሠራ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።

የዚህኛው ሰፈር አሻሻይ ኢንጂነሩ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ጎረቤት ነው፣ ለሹፈት፤ እሳቸው ግን በቅን ልቦና ተቀብለውታል። አንቱታውም የመጣው ከማዕረጉ ጋር ነው። ሚስታቸው ብቻ እስከ ዛሬ "አንተ" ትላቸዋለች።

ቤታቸው የገባ ሰው መጠንቀቅ አለበት። የፍሪጁን በር ወደ ሌላው ወገን እንዲከፈት አዙረውታል፤ ሲከፈት የወጥ ቤቱን በር ስለሚዘጋው ወተት ሊያወጣ የገባ ሰው ወተቱን እስኪመልስ ድረስ እስረኛ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ማብሪያ "ለምቾት" ብለው ሳሎን አምጥተውታል፤ እንግዲህ ማን በብርሃን፣ ማን በጨለማ እንደሚታጠብ የሚወስነው ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ሚስታቸው ለምን ብላ ስትጠይቅ መልሱ አንድ ነው።

"ፋብሪካው አላሰበበትም።"

ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ሁለት ትከሻው እኩል እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ሁሉን ነገር ሁለቴ የምትለካ ሴት ናት። ፍሪጁንም ማብሪያውንም ችላ ኖራለች። መኪናዋ ላይ ሲመጡባት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

መኪናዋ ከትዳራቸው በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ አሮጌ ናት። የፊት በሮቿ ላይ፣ ከትልቁ መስታወት ቀደም ብሎ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንንሽ መስኮቶች አሏት። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት ነፋሱን ሰብስባ ቀጥ አድርጋ ፊት ላይ ታመጣለች። ልብስ ሰፊዋ መንገድ ያጥወለውላታል፤ አውቶቡስማ ገና ሲታሰብ። ልጃቸው የምትኖረው ደግሞ ከተራራው ማዶ ነው፣ መንገዱ አርባ ሰባት ጥምዝ አለው፣ ቆጥራዋለች። ያቺ ትንሽ መስኮት ካልተከፈተች ሦስተኛውን ጥምዝ አታልፍም።

ልጃቸው ወንድ ልጅ የወለደች ሳምንት፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ማለት ነው፣ ኢንጂነሩ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ግቢ ወጡ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"እነዚህን ትንንሾቹን አውጥቼ በሩን ባለ አንድ መስታወት ላደርገው። ያፏጫሉ።"

"ያፏጩ። እኔ ያለ እነሱ አንጀቴ እንደሚወጣ አታውቅም?"

"ትልቁን ዝቅ ታደርጊዋለሽ።"

"እሱ ፀጉሬን ነው የሚበትነው። ፊቴ ላይ አይደርስም።"

"ፋብሪካው አላሰበበትም አልኩሽ እኮ።"

"የልጅ ልጄን ጥርስ ሳያወጣ አየዋለሁ ወይስ አላየውም?"

"ቅዳሜ እንሄዳለን።"

የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልተናገሩም።

ሥራው ተጀመረ። የመስኮቶቹ ጎሚኒ፣ ዳር ዳሩን የሚይዘው ጎማ፣ ከእርጅና ብዛት ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ነበርና በቢላዋ እየተቆረጠ ወጣ። ሁለቱን መስታወቶች የሚለየው ቋሚ ብረት ተፈታ። የበሮቹ የውስጥ ልባስ ሳሎን ገባ፣ ብሎኖቹ በሻይ ብርጭቆ ተቀመጡ። ለአዲሱ መስታወት ልክ የሚሆን ካርቶን ሲጠፋ ሚስታቸው ቀሚስ የምትነድፍበትን ካርቶን ወሰዱ። የሹፌሩን በር ለኩ፣ ቆረጡ፣ ገጠመ።

"የኔን በኩልስ?" አለች።

"ያው ነው። ካርቶኑን መገልበጥ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱንም ለካ።"

"ፋብሪካ እኮ ነው የሠራው" አሉ። በዕድሜያቸው ፋብሪካን ሲያምኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

የረሱት ነገር ቢኖር፣ የእሷን በር ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግድግዳ ጋር አላትመውት፣ በገዛ መዶሻቸው አቃንተው፣ "ከፋብሪካው የተሻለ አደረግሁት" ብለው ለሰፈሩ ያስጎበኙት እሳቸው መሆናቸውን ነው። መስታወት ቆራጩ በካርቶኑ ልክ ሁለት ቆረጠ፣ እሳት ውስጥ አስገብቶ አጠነከረ፣ ላከ። የሹፌሩ በኩል ልክክ አለ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ያምራል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ያለ አንድ መስታወት። የእሷ በኩል በአንድ ጣት ተረፈ።

በእሳት የጠነከረ መስታወት ከዚያ በኋላ አይነካም። ቆራጩ ይህንን ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል። ኢንጂነሩ ግን አንድ ጣት ናት ብለው ሞረድ አነሱ። መስታወቱ አንዴ ተንጫጫና እንደ ጨው ግቢው ላይ ፈሰሰ። በዚህ መካከል ሦስት ቅዳሜ አልፏል፤ ልጅዋ የሕፃኑን ፎቶ በስልክ ትልካለች፣ አያትየዋ ስልኩን ለደንበኞቿ እያሳየች እንባዋን ትጠርጋለች።

አንድ ቀን መቀሷን አስቀምጣ፣ በሯን ዘግታ፣ ነገሩን ከምንጩ ላደርቀው ብላ ወደ መስታወት ቆራጩ ሄደች።

"ስማኝ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ እሱ ካርቶን ይዞ ቢመጣ አልሠራም በለው።"

"እትዬ፣ እኔም ይቅርብዎ ብያቸው ነበር" አለ ቆራጩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "'ያቺ ፉጨት የሚስቴን ድምፅ እየዋጠችብኝ ነው' አሉኝ።"

"የምን ድምፅ?"

ሰውየው ነገሩ ከአንደበቱ እንዳመለጠው ገባው፤ ግን የጀመረውን ጨረሰ። "በእርስዎ በኩል ያለው ጆሯቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቤት ውስጥ ደህና ነኝ ነው የሚሉት። መኪና ውስጥ ግን ከፉጨቱ ጋር አንድም ቃል አይሰሙም። እንዳልነግርዎ አስጠንቅቀውኝ ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ የቆራጩ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤታቸው ያልተከራከሩበት ጉዳይ የለም፤ መኪና ውስጥ ግን ያ ሰውዬ ሌላ ሰው ይሆናል። የምትለውን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ "ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ" ይላታል። መንገዱ እያጥወለወላትም ቢሆን የምትወደው ለዚህ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ያልተስማሙበት ነገር የለም፤ ቤት ሲደርሱ አንዱም አይፈጸምም፣ እሷም ዝንጉ እያለች ታማዋለች። ለካ አንዱንም አልሰማም። መጀመሪያ ተናደደች፣ ያን ሁሉ ምራቅ ያባከነችው ለነፋስ ነው። ከዚያ ነገሩን ዞር አድርጋ አየችው። ጆሮውን ለሐኪም ማሳየት ሲገባው መኪናዋን ሲያስታምም የከረመ ሰው ምን ይባላል? እንደምትወደው ታውቅ ነበር፤ ይህን ያህል እንደሚወዳት ግን አታውቅም ነበር።

ቤት ገብታ ስለ ጆሮ አላነሳችም።

"የኔን በኩል መልስልኝ" አለቻቸው። "ያንተ እንዳለ ይሁን።"

ኢንጂነሩ የነቀሉትን መልሰው አያውቁም። ፍሪጁን አየት፣ ካርቶኑን አየት አደረጉ። ከዚያ ትንሿን መስኮት ከጠቀለሉበት ጨርቅ ፈተው አወጡ፣ ቋሚውን ብረት ቦታው መለሱ፣ ሲዘጋ ትንፍሽ የማይል አዲስ ጎሚኒ አስገቡ። ሁለት ቀን ፈጀ። ጎረቤት አንዱ በር ለምን ከሌላው እንደተለየ ሲጠይቃቸው፣ "ታስቦበት ነው" አሉ።

ቅዳሜ ተነሱ። የመጀመሪያዎቹን ጥምዞች መስኮቷን ከፍታ፣ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ተጓዘች። ሰባተኛው ላይ ጠቅ አድርጋ ዘጋቻት። መኪናዋ ጸጥ አለች።

"የወንድምህን ሶፋ መቼ ነው ከሳሎኔ የምታወጣልኝ?"

"የምን ማውጣት? ሶፋው የትም አይሄድም።"

"አምና እዚሁ መንገድ ላይ ልክ ነሽ አላልከኝም?"

"እኔ? በጭራሽ።"

ደስ አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ "ልክ ነሽ" ተብላ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

"ማክሰኞ ጆሮህን እናሳያለን" አለች።

"ጆሮዬ ምን ሆነ?"

"ሰምቻለሁ።"

ኢንጂነሩ ጥምዙን ዞሩ። "ያ ወሬኛ" አሉ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ከነገርኩሽ እየጮኽሽ ነው የምታወሪኝ። ስትጮኺ ደግሞ ድምፅሽ ያንቺ አይመስለኝም።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፣ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወደ ሶፋው ተመለሰች። ከሶፋው ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ ማብሪያው፤ እሳቸውም አንዲት ነጥብ ሳያልፉ ይመልሱላታል። ጥምዝ መቁጠሯን ረሳች፣ ማጥወልወሉንም ረሳች። መንገዱ ማለቁን ያወቀችው የልጇን በር ስታይ ነው።

ልጅቷ ድምፃቸውን ከሩቅ ሰምታ ሕፃኑን እንደታቀፈች ወጣች። "ምነው? ተጣላችሁ እንዴ?"

"አልተጣላንም፤ እያወራን ነው የመጣነው" አለች እናቷ፣ እጆቿን ለሕፃኑ ዘርግታ።