የኔታን አላነሳም ያለች ካሜራ

[ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር፣ ከአረጋ ቤት ደጃፍ። በቅሎ ተጭና ቆማለች። የአረጋ አባት መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር ቆመዋል። ዛሬ ሊመነኩሱ ተራራው ላይ ወዳለው ገዳም ይወጣሉ። «ከመነኮስሁ ወዲያ ፎቶ የለም፤ ከፈለጋችሁ ዛሬ አንድ አንሡኝ» ብለዋል። አረጋና የአክስቱ ልጅ ምሥጋናው አንዳንድ በግ ሸጠው በጋራ የገዟትን፣ ኪስ የምትገባ ካሜራ መሀላቸው አድርገው ይጨቃጨቃሉ። ምሥጋናው በልጅነቱ ከመሪጌታ ዘንድ ዜማ የተማረ፣ አሁን ላሊበላ ከተማ እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ነው። ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲያይ ስለሚውል፣ ስለ ካሜራ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም።]

ምሥጋናው፦ ገመዷ የሚጠለቀው በቀኝ እጅ ነው አልሁህ!

አረጋ፦ በግራ ባጠልቃትስ? አባቴ ተዘቅዝቀው ይወጣሉ?

ምሥጋናው፦ አይዘቀዘቁም። ግን ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው። አምጣት።

አረጋ፦ ግማሿ የእኔ አይደለች?

ምሥጋናው፦ ናት እንጂ።

አረጋ፦ የትኛው ግማሽ?

ምሥጋናው፦ የታችኛው።

አረጋ፦ መጫኛ ቁልፏ ያለችው ከላይ ነው።

ምሥጋናው፦ ለዚያም ነው የምጫናት እኔ የሆንሁት። [ካሜራዋን ይወስዳል። ማስረዳት ሲጀምር ፊቱ ይበራል፤ ከማስረዳት የሚበልጥ ደስታ አያውቅም።] አሁን ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ይቺ ዓይኗ ናት። ከኋላ ያለችው መስታወቷ ናት። የኔታን በመስታወቷ ታያቸዋለህ፣ ትጫናለህ፣ «ቀጭ» ትላለች፣ አለቀ።

አረጋ፦ መስታወቷ ጥግ ላይ የምትስቀው ትንሽ ፊትስ? ካሜራዋ እኔ ዘንድ በነበረች ጊዜ አላየኋትም።

ምሥጋናው፦ እሷን ትናንት እኔ ነኝ ያወጣኋት። ቁልፎቿን እየነካካሁ ሆዷን ስበረብር አገኘኋት። የባትሪው ምልክት ናት። ባትሪው ሲጠግብ ትስቃለች፣ ሲርበው ታለቅሳለች።

አረጋ፦ ስታለቅስ አይተሃታል?

ምሥጋናው፦ አስርቤው አላውቅም። [ወደ መሪጌታ ዞሮ] የኔታ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ። ከንፈርዎን ገጠም ያድርጉት። ፎቶ ቁም ነገር ነው፤ እንዳይስቁ አደራ!

[አደራው ትርፍ ነው። የላስታ ሽማግሌ ለፎቶ ሲቆም ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ነው። መሪጌታ ቅንድባቸውን ሰብስበው፣ መንጋጋቸውን ነክሰው ቆመዋል። ምሥጋናው አነጣጥሮ ይጫናል። ጸጥታ።]

አረጋ፦ «ቀጭ» አላለችም።

ምሥጋናው፦ ሰምቻለሁ።

አረጋ፦ ምኑን ሰማኸው? ዝም እኮ ነው ያለችው።

ምሥጋናው፦ ነገሩ ቀላል ነው። ብርሃን! ፀሐይዋ ከጀርባቸው ናት። ከጀርባ ብርሃን ሲመጣ ፊት ይጨልማል፣ ፊት ሲጨልም ካሜራዋ ማንን እንደምታነሣ ይጠፋታል። የኔታ፣ ወደዚህ ይዙሩ። እንዲያ! ዓይንዎን አይጨፍኑ። እንዳይስቁ!

[ይጫናል። ጸጥታ። በቅሎዋ ጆሮዋን ታወዛውዛለች።]

አረጋ፦ አሁንም ማንን እንደምታነሣ ጠፋት።

ምሥጋናው፦ አይደለም። አሁን ገባኝ። የአሸተን ብርድ ነው! ባትሪ ብርድ አይችልም፣ ይደነዝዛል። ይኸን ከእንግዶች አፍ ነው የሰማሁት። [ባትሪውን ያወጣና ሸሚዙን ገልጦ ብብቱ ሥር ይወትፈዋል። ክንዱን አጥብቆ ገጥሞ ይቆማል።]

አረጋ፦ ፊቷ እየሳቀች አልነበር? የጠገበ ባትሪ ምን አደነዘዘው?

ምሥጋናው፦ ላይ ላዩን ይስቃል፤ ውስጡን ብርድ ይዞታል። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞህ አያውቅም?

አረጋ፦ አሁን እያየሁት ነው። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መሰልህ እኮ! መቼ ነው የሚፈለፈለው? [ሆዱን ይዞ ይስቃል።]

ምሥጋናው፦ ሳቅ! ዕውቀት ሁልጊዜ ይሳቅበታል። [ባትሪውን መልሶ፣ መጫኛዋን ተጭኖ ሊሞክራት ወደ አረጋ ያዞራታል። አረጋ ገና ሳቁ አላለቀም። ቀጭ!] ሠራች! ብርዱ ነው አላልሁህም? የኔታ፣ ፈጠን ይበሉ፣ ሳትቀዘቅዝ!

[ወደ መሪጌታ አዙሮ ይጫናል። ጸጥታ። ምሥጋናው ላብ ላብ ይለዋል። በዓይኗ ላይ አቧራ ያለ መስሎት ጣቱ መጫኛዋ ላይ እንዳለ ካሜራዋን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ በጥርሱ መሀል እፍ ይላታል። ቀጭ! ሁለቱም በመስታወቷ ያያሉ።]

አረጋ፦ ይኸ ምንድን ነው? ነአኩቶ ለአብ ዋሻ?

ምሥጋናው፦ አፍንጫዬ ነው።

አረጋ፦ ከሥሩስ?

ምሥጋናው፦ ጥርሴ ነው! እያወቅህ ምን ታስለፈልፈኛለህ?

[አረጋ ሥዕሉን አተኩሮ ያየዋል። አንዳች ነገር ሊናገር አፉን ይከፍታል። ከዚያ በቅሎዋን ያያል፣ አባቱን ያያል፣ አፉን መልሶ ይዘጋል። ምሥጋናው ይኸን ልብ አላለም።]

አረጋ፦ እኔን አነሣች፣ አንተን አነሣች። አባቴን ፈርታቸው ነው፤ ግርማቸው ከብዷት።

ምሥጋናው፦ ማሽን ሰው አይፈራም! እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። [ያስባል።] ጥምጥማቸው! ነጭ ነገር ብርሃን ይረጫል፣ ዓይኗን ያሳውራታል። የኔታ፣ ይፍቱት። ይሞከር ... አይ፣ መልሰው ይጠምጥሙት።

አረጋ፦ ከበቅሎዋ ጋር ቢቆሙስ?

ምሥጋናው፦ ይሞከር።

አረጋ፦ ጥላ ውስጥ ቁጭ ቢሉስ?

ምሥጋናው፦ ይሞከር። አይ፣ እምቢ አለች።

አረጋ፦ አያ ምሥጋናው፣ ያችን የብርሃኗን ነገር እንደ ገና አስረዳኝ። አልገባችኝም።

ምሥጋናው፦ [ድካሙ ሁሉ ይጠፋል።] እንዴት አልገባህም? ቁጭ በል! ከሥሩ ልጀምርልህ። ብርሃን ማለት ...

[ከሥሩ ይጀምራል። ጥላው ከግድግዳው ሥር ሸሽቶ ያልቃል፤ ምሥጋናው ገና ፍላሽ ላይ አልደረሰም። በመጨረሻ መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በቅሎዋ ይራመዳሉ።]

ምሥጋናው፦ [ደንግጦ] ሳይነሡ ሊሄዱ ነው! አረጋ፣ አለቀልን! የሕይወታቸው አንድ ፎቶ! እንካ፣ አንተው ያዛት፤ ሞታለች።

አረጋ፦ [ካሜራዋን ተቀብሎ፣ ገመዷን በግራ እጁ ያጠልቃል።] አባቴ፣ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝ። አያ ምሥጋናው ዜማ ቤት ሳለ ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?

ምሥጋናው፦ እሱ ከፎቶ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መሪጌታ፦ «ጥያቄ አያስጨርሴ» ነበር የምለው። አንድ ቀን ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «አውቀዋለሁ የኔታ!» ብሎ ተነሣ ...

[ሊገቱት ይሞክራሉ። አልቻሉም። ሳቁ ከጥምጥማቸው እስከ መቋሚያቸው ይንጣቸዋል። ቀጭ!]

መሪጌታ፦ እፎይ! «እንዳይስቁ አደራ» ስላላችሁኝ እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ሳቄን አፍኜ ጎኔን ወግቶኛል። ባትሪውን ሲታቀፍማ ሳልመነኩስ ልሞት ነበር።

ምሥጋናው፦ አያችሁ! ባትሪው አሁን ገና ሞቀ!

አረጋ፦ ባትሪው አይደለም፣ አያ ምሥጋናው። ትናንት ያወጣሃት ፊት ናት። እሷ ካለች ካሜራዋ የሚስቅ ሰው ካላየች አታነሣም። እኔን ስስቅ፣ አንተን ስታገጥጥ፣ አባቴን አሁን።

[ምሥጋናው መስታወቷን ያያል። ፊቷ አሁንም ትስቃለች፤ አሁን ግን በእሱ የምትስቅ መሰለው።]

ምሥጋናው፦ መቼ ነው ያወቅኸው?

አረጋ፦ አፍንጫህን ያነሣች ጊዜ።

ምሥጋናው፦ ያን ጊዜ? ታዲያ ጥምጥም ሳስፈታ፣ ስለ ብርሃን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሳስረዳ ለምን ዝም አልህ?

አረጋ፦ ፎቶው ካለቀ አባቴ በቅሎ ይወጣሉ። አንተ ማስረዳት ከጀመርህ ደግሞ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ትንሽ እንዲቆዩልኝ ብዬ ነው።

[መሪጌታ ይህን ሰምተዋል። የበቅሎዋን ልጓም ለቀው ይመለሱና እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ አረጋ ካሜራዋን ወደ ምሥጋናው ያዞራል። ምሥጋናው አኩርፎ፣ ከንፈሩን ጥሎ ቆሟል። አረጋ ይጫናል። ጸጥታ።]

መሪጌታ፦ ምነው እሱንም እምቢ አለች? ብርሃን አንሶት ይሆን?

አረጋ፦ ብርሃኑስ ደኅና ነው፣ አባቴ። ብርድ ይዞት ነው። [ጋቢውን ገልጦ አንድ ክንዱን ከፍ ያደርጋል።] ና እስቲ አያ ምሥጋናው፣ ብብቴ ሥር ግባ።

[ቀጭ!]