የተጨመረችው አንዲት ምት

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ሸንጎ ተቀምጦ በሚመክርበት ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ጫካ ውስጥ አንድ ኩሬ ብቻ ነበር። ውሃው ለሁሉም ይበቃል። ሥጋ በሊታውና ሣር በሊታው ግን አብረው ሊጠጡ አይችሉምና ቀኑን ለሁለት ተካፈሉት። ከፀሐይ መውጫ እስከ እኩለ ቀን አንበሳና ወገኖቹ ይጠጣሉ፤ ከእኩለ ቀን እስከ ፀሐይ መግቢያ ሣር በሊታዎቹ። ያለ ሰዓቱ ኩሬው ዳር የተገኘ ቢበላ ጠያቂ የለውም።

ሰዓቱን የሚነግራቸው ግንደቆርቁር ነበር። ፀሐይ ብቅ ስትል ዋርካ ላይ ይወጣና ግንዱን በመንቁሩ መምታት ይጀምራል። ስድስት ሺህ ጊዜ ሲመታ እኩለ ቀን ይሆናል፤ ሌላ ስድስት ሺህ ሲመታ ፀሐይ ትገባለች። ድምፁ ግን ጫካውን ሁሉ አያዳርስም። ስለዚህ በአንበሳ ወገን አያ ዝንጀሮ፣ በሣር በሊታው ወገን እመት ቆቅ ጧት ጧት እሱን ሰምተው ይነሱና በየሰፈራቸው እየጮኹ ይቆጥራሉ። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ያለ ደም ኖሩ።

አንድ ቀን አባ ኤሊ ሸንጎው ፊት ቀረበ። አባ ኤሊ ሌላ ሥራ ስላልነበረው አርባ ዓመት ሙሉ የአንድ ድንጋይ ጥላ ሲለካ የኖረ ነው።

«ጌታዬ» አለ ወደ አንበሳው ዞሮ፣ «ግንደቆርቁር ስድስት ሺህ ሲሞላ ፀሐይ አናት ላይ አልደረሰችም። በአንድ ምት ዘግይታለች።»

«ማን ፈቀደላት?» አለ አንበሳ።

«ማንም አልፈቀደላትም። ደክሟት ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ጥሯትና ቀርባ ታስረዳ።»

ንስር ተላከ። ክንፉ ተለብልቦ ተመለሰና «አልመጣም ብላለች» አለ። ሸንጎው ሦስት ቀን ተከራከረ። ፀሐይን ማስቸኮል እንደማይቻል በድምፅ ብልጫ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ አንዲት ምት እንድትጨመር ተወሰነ። እንዴት እንደምትጨመር ግን ማንም አላነሳም። ምሳ ደርሶ ነበር።

አያ ዝንጀሮ በሕጉ ላይ ከስድስት ሺህ በላይ ቁጥር የለም ብሎ፣ ስድስት ሺህን ሁለት ጊዜ ለመጥራት ወሰነ። እመት ቆቅ ደግሞ አንድ ቁጥር ሁለቴ ከጠራሁ መንጋው ይደናገርብኛል ብላ፣ ምቷን በቀጭን በቀጭኑ ለመክፈል አሰበች። ግማሿን በጧቱ ቆጠራ ላይ፣ ግማሿን በከሰዓቱ ላይ ታዳርሳለች፤ ማንም ሳይሰማው ማታ ሁሉም ይገናኛል። ሁለቱም ሐሳባቸውን ለሸንጎው አቀረቡ። ሸንጎው ሁለቱንም አመሰገነ።

«እኩለ ቀን ላይስ ይገናኛሉ?» ብሎ አባ ኤሊ ጠየቀ።

«የግማሽ ምት ነገር ነው፣ አባ ኤሊ» አሉት። «ነገር አያካብዱ።»

ቀኑ ደረሰ። በሣር በሊታው ሰልፍ ፊት የቆመችው ሽታዬ የምትባል ሚዳቋ ነበረች። ሽታዬ በሕይወቷ ተራ ዘልላ አታውቅም። ሌሎቹ ሲገፋፉ «ቆጠራው ይድረስ እንጂ» እያለች የምትገስጽ እሷ ነበረች። ባሏ ጓንጉል ከኋላዋ ቆሟል።

እመት ቆቅ «ስድስት ሺህ!» ብላ ጮኸች። ሽታዬ ወደ ውሃው ወረደች። ማዶ ደግሞ አያ ዝንጀሮ ስድስት ሺህን አንዴ ጠርቶ፣ ሁለተኛውን ለመጥራት አፉን ከፍቶ ነበር። በእመት ቆቅ ቆጠራ ኩሬው የሽታዬ ነው። በአያ ዝንጀሮ ቆጠራ ለአንበሳው ግማሽ ምት ይቀረዋል። ለአንበሳ ግማሽ ምት ብዙ ጊዜ ነው። ጓንጉል ሊጠራት ሲል የምትጠራ ሽታዬ አልነበረችም።

በማግስቱ ሸንጎው ለምርመራ ተቀመጠ።

«አንድ ጨምር ተባልኩ፣ አንድ ጨመርኩ» አለ ዝንጀሮ።

«እኔም አንድ ነው የጨመርኩት፤ ለዚያውም በጥንቃቄ» አለች ቆቅ።

«እኔ መታሁ» አለ ግንደቆርቁር። «አንድ መታሁ።»

አንበሳ አፉን ጠረገና «በሰዓቴ ነው የበላሁት፤ ዝንጀሮን ጠይቁ» አለ። ዝንጀሮም እውነት ነው ብሎ መሰከረ።

ጉንዳኖች ለምስክርነት ቢጠሩም ሊመጡ አልቻሉም። እነሱ የዝንጀሮን ጥሪ እየሰሙ በእያንዳንዱ አዲስ ቁጥር አንድ እርምጃ የሚሄዱ ነበሩና፣ ያው ቁጥር ሁለቴ ሲጠራ መሄዱም መቆሙም ጠፍቷቸው እስከዚያች ሰዓት በአንድ ቦታ ይሽከረከሩ ነበር። በመጨረሻ ዝሆን በኩምቢው ውሃ ረጭቶ በተናቸው። ሲደርቁ ምንም እንዳልተፈጠረ ከአንድ ጀመሩ።

ሸንጎው ጥፋቱ የፀሐይ ነው ብሎ ፈረደ። ከእንግዲህ ምት መጨመር ይቅር፤ የምትዘገየው ትጠራቀም፤ ተጠራቅማ ሙሉ ሰዓት ስትሞላ በዚያ ጊዜ የሚኖሩት ይወስኑ ተባለ። ውሳኔው በጭብጨባ አለፈ። አባ ኤሊ እንኳን አጨበጨበ፤ ከሁሉም ዘግይቶ ስለጀመረ ጭብጨባው ብቻውን ቀርቶ ተሰማ።

ከዚያ ለሟቿ ክብር የአንድ ምት ያህል ዝም እንዲባል ታዘዘ። ዝንጀሮ ቀድሞ ጨረሰ። ቆቅ ገና አልሞላም ብላ ተቆጣችው፤ ክርክሩም እስኪመሽ ቆየ።

በመሀል አንበሳ ጓንጉልን አየና «አንተስ፣ የምትለው አለህ?» ሲል ጠየቀው።

ጓንጉል ሁለቱን ግልገሎቹን ከፊቱ አስቀድሞ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። ቆመና ወደ ሸንጎው ዞረ።

«ሽታዬ እነዚህን ልጆች እስከ ስድስት ሺህ መቁጠር አስተምራቸዋለች» አለ። «አሁን ወስጄ ላስረሳቸው ነው። ውሃ ከመውረዳቸው በፊት አንበሳው መሄዱን በዓይናቸው ይዩ።»