በካልሲየም የተቀመጡ ሽማግሌዎች

እናንተ ሰፈር በካልሲየም ጉዳይ ሽማግሌ ተቀምጦ ያውቃል? እኛ ሰፈር ተቀምጧል። ለትዳር አይደለም፣ ለድንበር አይደለም፣ ለካልሲየም። ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ደግሞ የደም ግፊት ኪኒን እውጣለሁ፤ ሐኪሜ እንዳትናደድ ብሎኛል። እሱ ምን አለበት፣ ኮልፌ አይኖር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ልጄ ሶስና ዘጠነኛ ክፍል ናት። ያየችውን ሳትናገር አታድርም፤ በእናቷ ነው የወጣችው። (እናቷን ብትጠይቋት በአባቷ ነው የወጣችው።) የምትማረው ቤቴል አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ኬሚስትሪ የሚያስተምሯት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጋሽ ወርቁ የዋዛ ሰው አይደሉም። የሰፈሩን ግማሽ ያስተማሩ፣ በመንገድ ሲያልፉ የታክሲ ረዳት ሳይቀር ጩኸቱን አቁሞ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚላቸው ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ግን ባዮሎጂ ነው። የኬሚስትሪው መምህር በዓመቱ አጋማሽ ጥሎ ሲሄድ፣ ትምህርት ቤቱ ያው ሳይንስ ነው ብሎ ኬሚስትሪውን ጫነባቸው። በዓይን ሐኪም ጥርስ ማስነቀል ማለት ይሄ ነው። ግን ማን ይናገራል?

ታዲያ አንድ ቀን የፎርሙላ አጻጻፍ ያስተምራሉ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ የተማሪ ወረቀት በእጄ ሲያልፍ ስለሚውል ነገሩ ትንሽ ትንሽ ይገባኛል። እንዲህ ነው። ካልሲየም ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል። ኦክስጅን ሁለት ይቀበላል። ቁጥሮቹን ታቀያይሩና የአንዱን ከሌላው እግር ሥር ትጽፋላችሁ። Ca₂O₂ ይሆናል። እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስለሆኑ ይቃለሉና CaO ብቻ ይቀራል። አለቀ። የሚጻፈው ስንት ለስንት እንደተገናኙ ነዋ። ኮልፌ ብረት ሠራተኞቹ ጋ ሂዱና ለብሎን ስንት ዳዶ ያስፈልጋል በሉ። ለአንድ አንድ ይሏችኋል። ለሁለት ሁለት ያላችሁ ካለ ሙድ እየያዘባችሁ ነው።

ጋሽ ወርቁ ማቃለሏን ረሷት። Ca₂O₂ ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት። ሶስና እጇን አወጣች። ቲቸር፣ ይቃለላል አለች። አይቃለልም አሉ። ይቃለላል አለች። ይባስ ብላ መጽሐፉን ገልጣ ተነሳች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጣጣው የመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ያ ሳቅ ባይኖር እሳቸውም አሰብ አድርገው ያርሙት ነበር። ሲሳቅባቸው ጊዜ ደብተርሽን ይዘሽ ውጪ፣ ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ አሏት።

በማግስቱ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ራሱ የጋሽ ወርቁ ተማሪ ነበር። መጽሐፉን አየ፣ ገጹን ደገመው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ከደነው። ልጅህስ ልክ ናት፣ ግን እኚህን ሰው በዚህ ዕድሜያቸው ተሳስተዋል ማለት ይከብዳል አለኝ። እና ልጄ ምን ታድርግ? ይቅርታ ትጠይቅ። ምን አጥፍታ? ደፍራ። ካልጠየቀችስ? እሳቸው ካልፈቀዱ ክፍል አትገባም፤ ማጠቃለያ ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

እርር ድብን አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ፋርማሲስት ተሳስቶ የሌላ ሰው መድኃኒት ቢሰጣችሁ፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብላችሁ ትውጡታላችሁ? ሹፌር መንገድ ቢስት፣ ሽበት ስላለው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አምቦ ትደርሳላችሁ? እኛ ሰዎች ምን ነክቶናል? ለሰው ክብር መስጠትና ለስህተቱ ማጨብጨብ አንድ የሆነብን ከመቼ ጀምሮ ነው? ይህን ሁሉ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። እውነትህን ነው አለኝ። ሁሉም እውነትህን ነው ይላል። ልጄ ግን በር ላይ ናት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሽማግሌዎቹን መርጣ ጨርሳለች። አንዱ ሐጂ ሙዘሚል፣ ጨርቅ የሚነግዱት ጎረቤታችን ናቸው። ሌላው ጋሽ ደስታ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ። ለCaO ሽማግሌ አልልክም ብዬ ጮህኩ። እሺ፣ ጩኸትህን ስትጨርስ ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ አለችኝ። እሑድ ከቸርች መልስ ሶስናን ይዤ አየር ጤና ታክሲ ቀየርንና ወደ ጋሽ ወርቁ ቤት፣ ወደ ቤቴል። ሽማግሌዎቹ ቀድመውናል። ታክሲ ውስጥ ሶስና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"አባዬ፣ ይቅርታ የምጠይቀው ተሳስቼ ነው?"

"አይ፣ አንቺስ ልክ ነሽ።"

"ታዲያ?"

"ትልቅ ሰው ናቸዋ።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ከረዳቱ ጋር ስለ መልስ ተጨቃጨቅኩ።

ጋሽ ወርቁ ቤት ለስላሳ ቀረበ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ሐጂ ነገሩ ከመነሻው ይነገረን አሉ። አስረዳሁ። ሐጂ በጥሞና ሰሙና ካልሲየሙ ሁለት ከሰጠ፣ ኦክስጅኑም ሁለት ከተቀበለ፣ ማን ማንን በደለ አሉ። ማንም አልኩ። ታዲያ ምን ያጣላል? ጠቡ አጻጻፉ ላይ ነው አልኩ። እሳቸው ሁለት ቦታ ሁለት ይጽፋሉ፣ እሷ ሁለቱም ይነሱ ትላለች። ይሄኔ ጋሽ ደስታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለሁለቱም ወገን ሲባል አንደኛው ሁለት ይነሳ፣ አንደኛው ይቅር፣ ማንም እንዳይከፋው አሉ። አያችሁልኝ? Ca₂O! በምድር ላይ የሌለ ነገር በሽምግልና ፈጠሩ። ሐጂ ደግሞ ይህስ ፍርድ ነው ብለው ተቀበሏቸው። ሶስና ለስላሳው ትን አላት። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ግንባሬ ላይ ያለው ደም ሥር ሲዘል ይሰማኛል።

ጋሽ ወርቁ ይህን ሁሉ ሰዓት አቀርቅረው ነበር። በመጨረሻ ፎርሙላው ለጊዜው ይቆይና ልጅቷ ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ። ሶስና ወደ እኔ አየች። በዓይኔ ሂጂ አልኳት። ሄደች፣ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ይቅርታ ቲቸር አለች። እደጊ ብለው አነሷት። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ከእንግዲህ ይህን የካልሲየም ነገር ያነሳ ከእኛ ጋር ተጣላ ብለው አሰሩት። ተጨባበጥን።

ሶስና ክፍል ገባች። ደግሞ ምን የመሰለች ጨዋ ሆነች መሰላችሁ። እጅ አታወጣም። ቤትም ቢሆን፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚናገረውን ሰው እየተከተለች ማረሟን ተወች። ዳይሬክተሩ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ልጅህ እንዴት ታረመች መሰለህ አለኝ። እናቷ ጌታ ይመስገን አለች። እኔ አላመሰገንኩም። ቤቱ ጭር አለብኝ።

ማጠቃለያ ፈተናው ተፈትኖ ወረቀቱ ተመለሰ። ሁሉንም መልሳለች፣ ከአንድ ጥያቄ በስተቀር። የማግኒዥየም ኦክሳይድን ፎርሙላ ጻፉ ይላል። ማግኒዥየምም እንደ ካልሲየሙ ነው፣ ሁለት ይሰጣል። ሶስና Mg₂O₂ ብላ ጽፋለች። ላዩ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዟል። ከጎኑ በጋሽ ወርቁ እጅ MgO ተብሎ ተጽፏል።

ጠፍቶሽ ነው? አልኳት። አልጠፋኝም አለች። ታዲያ?

"ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው" አለች፣ ቀና ሳትል።

ወረቀቱን መንጭቄ ቤቴል እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ዛሬ ሽማግሌ የለም፣ ለስላሳ የለም። ጋሽ ወርቁን መምህራን ክፍል ለብቻቸው አገኘኋቸው። ያኔ ልክ ስትሆን አባረሯት፣ አሁን እንደ እርስዎ ስትጽፍ ሰረዙባት፣ ልጄ የት ትግባ አልኳቸው። ድምፄ ግቢው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መነጽራቸውን አወለቁና ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ አሉኝ። መጽሐፉን አንብቤ ስህተቴን አየሁ አሉ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ልናገር ነበር፤ ሽማግሌ ግን ነገሩን አስሮታል፣ የሽማግሌ ቃል አይሻርም። በፈተናው ልካሳት ብዬ ይህን ጥያቄ ያወጣሁት ለሶስና ነበር፤ ከክፍሉ ሁሉ እሷ እንደማትስተው እርግጠኛ ነበርኩ አሉ። ወረቀቱን መለሱልኝና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"እንዲያ ያለችውን ልጅ ማን አበላሸብህ?"

ለትልቅ ሰው መልስ አይሰጥም ብዬ ዝም አልኩ።