ለመሪጌታ ብቻ የተላከ ድምፅ

ስለ ድምፅ ማጉያ አላውቅም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሠርግ ይሁን ስብሰባ፣ ማይኩ ተከፍቶ ሁለት ቃል እንደተነገረ ከኋላ አንዱ እጁን እያወናጨፈ «ጨምሩት!» ይላል። ከፊት የተቀመጠው ደግሞ ጆሮውን ይዞ «ኧረ ቀንሱት!» እርስዎም ከሁለቱ አንዱን ሳይሉ አልቀሩም፤ አይካዱ። እኔ ሁለቱንም ብያለሁ፤ ያውም ባንድ ሠርግ ላይ። ከነዚህ ሌላ ሦስተኛ ነገር መኖሩን ያሳየችኝ ወይንሸት ናት።

ወይንሸት መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ትጠግናለች። የድምፅ ሥራ ደብረ ብርሃን ተምራ ስለመጣች፣ ደብራችን ድምፆችን የሚያቀናጅ ዲጂታል ሚክሰር የገዛ ጊዜ ከሷ በቀር ሊነካው የደፈረ አልነበረም። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርና የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነኝ፤ ዕቃውን አስፈርሜ ያስረከብኳት እኔው ነኝ። ምን እንዳስረከብኩ ግን አላውቅም ነበር።

መሪጌታ ኃይሌን የማያውቅ የደብራችን ሰው የለም። በንግሥ ቀን ታቦት ወጥቶ ሊቃውንቱ በግቢው ውስጥ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ የቀኙን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ግራው ሲጨርስ ቀኙ ይቀበላል። አምና ታዲያ መሪጌታ ግራው ሳይጨርስ ተቀበሉ። አንዴ ቢሆን ባልከፋ፤ ሁለቴ። ከወጣቶቹ መሐል አንዱ ሳቀ።

ዘንድሮ ንግሡ ሲቃረብ መቋሚያቸውን ለቄሰ ገበዙ ሰጡ። «ሌላ ሰው ይምራ። እኔ ከኋላ ቆሜ አሜን እላለሁ» አሉ። ምክንያቱን ሁላችንም አውቀነዋል፤ ጆሮ የሚለውን ቃል ያነሳ ግን የለም።

መላ ብለን ያመጣነው «ይጨመር» የሚለውን ነው። በልምምዱ ቀን መሪጌታን አግባብተን ከቀኙ ረድፍ አስቀመጥንና ድምፁን ከፍ አስደረግን። በር ላይ የተሰቀሉት ስፒከሮች ጮኹ፣ ጩኸቱ ከግንቡ ተመልሶ መጣ፣ መሪጌታም ይብሱን ግራ ተጋቡ። ወይንሸት ይሄኔ ሥራዋን ትታ መጣችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«የኔታ፣ የሚያስቸግርዎ ድምፁ አንሶ ነው ወይስ ተደባልቆ?»

ዞር ብለው አዩዋት። ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረማ።

«ተደባልቆ ነው፣ ልጄ። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ የራሴ ድምፅ ሳይቀር ባንድ ላይ ይመጣብኛል። የነሱ ቃል የት ላይ እንዳለቀ ይጠፋኛል።»

ወደ ሚክሰሯ ተመለሰች። እኔም ከኋላዋ ቆምኩ። «አዩ ጋሼ» ብላ በአክብሮት አስረዳችኝ፤ «የገባው ድምፅ ሁሉ በሁሉም መውጫ መውጣት የለበትም። በአንደኛው መውጫ ለግቢው ሁሉንም እልካለሁ። በአራተኛው ግን የግራዎቹን ማይክ ብቻ፤ ከበሮ የለ፣ የሳቸው የራሳቸው ድምፅ የለ።» አራተኛው መውጫ ላይ ትንሽ ስፒከር ሰክታ ወደ መሪጌታ አዙራ እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ግራዎቹ ሲዘምሩ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገች። በግቢው ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው የመሪጌታ ፊት ነው። መቋሚያቸውን ከቄሰ ገበዙ እጅ ሳይናገሩ ወሰዱት።

የንግሡ ዕለት ንፋሱ ጃንጥላ ይገለብጥ ነበር። ግራው ዘምሮ ዘምሮ የመጨረሻዋን ቃል ሲያረዝማት፣ አምና የሳቀው ወጣት አንገቱን ሲያሰግግ አየሁት። መሪጌታ አይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ቃሏ አለቀች። መቋሚያው ተነሣ፤ ያ የመሪጌታ ድምፅ ጊዜውን ሳያዛንፍ ገባ። እናቶች እልል አሉ። ወይንሸት ግን አይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም፤ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ብቻ ጠረገች። አንድ ሽማግሌ ክብሩን ይዞ እንዲቆም ያደረገች ሰው እንዲህ ጸጥ ስትል አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። በማግስቱ ቄሰ ገበዙ ሱቋ ድረስ መጡ። «እኔ እንኳ ደህና እሰማለሁ፤ ንፋሱ ነው እንጂ» ብለው ትንሽዬ ስፒከር ጠየቁ። ቀጥሎ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ መጡ፤ እሳቸውንም ያስቸገራቸው ንፋሱ ነው። ደብራችን ለካ ግማሹ አይሰማም ኖሯል።

እኔም ጸሐፊ ነኝና ለቁጥጥር ያህል ብቅ አልኩ።

«ስንት መውጫ ቀረሽ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው አንዱን አቆዪልኝ፤ እንግዳ አይታጣም» አልኳት።

ወይንሸት በቀኝ ጆሮዬ በኩል ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች። «ይዤልዎታለሁ፣ ጋሼ!» አለችኝ፤ ጮክ ብላ፣ ቃሉን እየለየች።